የወዚር አረንጓዴ ወረቀት

ፍቅር በአበባ ይጀምራል ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም። የእኅተማርያምና የወዚር ፍቅር የጀመረው በስፒና ነው፤ ያውም በተቆረጠ ስፒና።

ሮቤ ውስጥ፣ ከሲናና ገበሬዎች ስንዴ እየገዛ በሚያከፋፍል አንድ የእህል ንግድ ድርጅት፣ እሷ ሒሳብ ክፍል ትሠራለች፤ እሱ የመብራት ሠራተኛ ነው። ባለፈው ዓመት መጋዘኑ ውስጥ አንድ ዲቫይደር ቀልጦ ለጥቂት እሳት ሳያስነሳ ስለቀረ፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ጌታነህ ሶኬት ላይ የሚሰካ ዕቃ ሁሉ በየጊዜው እንዲፈተሽ አዘዙ። ፈታሹ ወዚር ሆነ። ውሃ ማፍያው፣ ማተሚያው፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ ሴቶቹ ለብርዱ ብለው ጠረጴዛ ሥር የሚደብቋቸው የኤሌክትሪክ ምድጃዎች ሳይቀሩ በእጁ ያልፋሉ። ገመዱን በጣቱ እየዳበሰ ይሄዳል፤ ስፒናውን ፈትቶ ያያል፤ በመጨረሻ የመፈተሻውን መቆንጠጫ ብረቱ ላይ አስነክሶ ቁጥሩን ያነባል። ያለፈው ዕቃ ቀንና ፊርማ ያለባት አረንጓዴ ወረቀት ይለጠፍበታል። የወደቀው ቀይ ይለጠፍበትና ማንም መልሶ እንዳይሰካው ስፒናው እዚያው ይቆረጣል።

የእኅተማርያም ምድጃ ወደቀ። እናቷ በሕይወት ሳለች ትሞቀው የነበረ፣ ከጎባ በሚኒባስ ተሸክማ ያመጣችው አሮጌ ምድጃ ነበር። ወዚር አየው፣ ለካው፣ ደግሞ ለካው፣ ከዚያም እሷ ቆማ እያየች ስፒናውን በፒንሳ ቆረጠው። ደሟ ፈላ። የእናት መታሰቢያ እንዲህ የሚቆርጥ እጅ ምን ዓይነት እጅ ነው ብላ ጀርባዋን ሰጠችው፤ የቢሮው ሰውም ሳቀባት።

በማግስቱ በሻይ ሰዓት ምድጃውን ፈታትቶ ይዞላት መጣ። የገመዱ ጎማ ውስጥ ውስጡን ተበልቶ ሽቦው ብረቱን ይነካ ነበር። እስከዛሬ የታገሳት ጫማ አድርጋ ደረቅ ጣውላ ላይ ስለምትቆም እንደሆነ፣ ወለሉ የረጠበ ቀን ግን እንደማይታገሳት አስረዳት። ዓይኗን ማየት ከብዶት ምድጃውን እያየ ነበር የሚያወራው።

«ተቀየሚኝ» አላት በመጨረሻ፤ «ብቻ ኑሪ።»

እናንተዬ፣ አንዲት ሴት ከዚህ በኋላ እንዴት አድርጋ ትቀየማለች? እኅተማርያምም አልቻለችበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በኮሪደሩ ባለፈ ቁጥር ጭንቅላቷ ሳታዘው ቀና ይላል። ሰላምታው ኦሮምኛ፣ ቀልዱ አማርኛ ነበር። ማታ ማታ ሚኒባሷ እስኪሞላ መናኸሪያው በር ላይ አብሯት ይቆማል፤ መኪናው ሲነሳ «ነጋቲ» ይላታል፤ በሰላም ግቢ ማለቱ ነው። እሷ ያቺን ቃል ይዛ እስከ ጎባ ድረስ ከራሷ ጋር ፈገግ እያለች ትሄዳለች።

ታኅሣሥ ገብቶ ውርጩ ሲበረታ አዲስ ምድጃ ገዛላት። ከእናቷ ምድጃ ጋር አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው ፈልጎ ነው ያመጣው። አዲስ ነው ብሎ አላመነውም፤ ፈታው፤ ላልቶ የመጣውን የመሬት ሽቦ አጥብቆ አሰረው፤ ፈተሸው። ከዚያ አረንጓዴዋን ወረቀት ለጥፎ ፈረመባት። እሷም ስቃ፣ ለኔ ሳትፈትሽ ብትፈርምልኝስ ምን ነበረበት አለችው።

«ይቺን ወረቀት ለሰው ሰጥቼ አላውቅም» አላት፤ እየቀለደ አልነበረም። «ለአንቺም አልሰጠሁም። ያለፈው ምድጃው ነው።»

ያን ዕለት ቃሉ ደስ አላት እንጂ አልከበዳትም።

የከበዳት ሌላ ነገር ነበር። አባቷ አቶ ገብረ ሥላሴ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ጎባ ውስጥ አያታቸው በሠሩት ቤት ይኖራሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሳይስሙ ውለው አያውቁም። የጎረቤታቸው ልጅ ኤደን ሙስሊም ካገባች ወዲህ ስሟ በዚያ ቤት አይነሳም፤ እናቷ እንኳ ሰላም ስትላቸው አንገታቸውን ብቻ ነቅነቅ ያደርጋሉ። የወዚርም እናት ገሰራ ላይ የሚያገባት ሙስሊም ልጅ አይተውለት ቀን እየጠበቁ ነው። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። የሚያውቁትን ግን አያወሩትም፤ ያወሩት ቀን የሚያልቅ ይመስላቸው ነበር።

እንግዲህ ጥፋቱ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የጎባ ብርድ የአቶ ገብረ ሥላሴን ጉልበት አሳበጠው። ሌሊት ሲያቃስቱ እየሰማች ማደር ያቃታት ልጅ፣ አንድ ቅዳሜ ማታ የወዚርን ምድጃ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ ለአባቷ ወሰደችው። ከየት መጣ ሲሏት መሥሪያ ቤቱ ሰጠኝ አለች። አባቷ እግራቸውን ዘርግተው ዓይናቸውን ጨፈኑና መሥሪያ ቤትሽን እግዜር ያቁምልሽ ብለው መረቁ።

ሰኞ ጠረጴዛዋ ሥር ባዶ ሆኖ ወዚር እንዳያየው ፈራች። ስጦታህን ስምህን እንኳ ቤቱ ውስጥ ለማላነሳለት ሰው ሰጠሁት ብላ እንዴት ትንገረው? መሸሸጊያ ስትፈልግ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ለመታሰቢያ ያስቀመጠችው የእናቷ ምድጃ ታወሳት። መናኸሪያው አጠገብ ያለ ጠጋኝ አዲስ ስፒና ገጠመለት፤ ገመዱ ላይም ፕላስተር ጠቀለለበትና እንደ አዲስ ሆኗል አላት። ቅርጹ ያው፣ መልኩ ያው ነው። የቀረው ወረቀቷ ብቻ ነበረች። አረንጓዴ የሌለበት ዕቃ ከቢሮው ይወሰዳል። ስለዚህ ቤቷ ውስጥ ካለው ምድጃ የወዚርን ፊርማ በጥፍሯ ቀስ ብላ ላጠችና አሮጌው ላይ ለጠፈችው። የምነካው እኔ ብቻ ነኝ፣ ያውም ጫማ አድርጌ፣ ያውም ማብሪያውን ግድግዳው ላይ እየተጫንኩ ብላ ራሷን አጽናናች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለችው ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ አባቷን ሐኪም ቤት ለመውሰድ ፈቃድ ጠይቃ ቀረች።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገባ ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ጠረጴዛዋ ሥር ምድጃው የለም። የጠረጴዛ ጎረቤቷ ሰሚያ እጇን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻትና ነገረቻት። አዴ ሶረቲ፣ ሻይ የሚያፈሉትና ወለል የሚወለውሉት ሴትዮ፣ ቅዳሜ ጠዋት ወለሉን አጥበው ሲጨርሱ እጃቸው በቀዝቃዛው ውሃ ደንዝዞ ኖሮ፣ ጫማቸውን እንዳወለቁ፣ የእኅተማርያምን ምድጃ ሰክተው ሊሞቁ ሳብ አደረጉት። ጩኸታቸውን የሰማው ዘበኛ ሮጦ ሲገባ ቁም ሳጥኑ ሥር ወድቀው አገኛቸው። ነፍሳቸው ተርፋለች። መዳፋቸው ግን ተቃጥሏል፤ ክንዳቸውም ተሰብሯል። ጎባ ሆስፒታል ተኝተዋል።

ሰሚያ የነገሯን መጨረሻ የተናገረችው በሹክሹክታ ነበር። ምድጃው ላይ የተገኘው የወዚር ፊርማ ነው። አቶ ጌታነህ ጠርተው ፊርማው ያንተ ነው ወይ ሲሉት፣ ምድጃውን አገላብጦ አየና «ፊርማው የእኔ ነው» አለ። ፈትሸኸዋል ወይ ቢሉት አልመለሰም። ዛሬ ከሥራ ያሰናብቱታል፤ የሙያ ፈቃዱንም ሊያስነጥቁት ነው።

ለእኅተማርያም ነገሩ ወዲያው ገባት። እሷ የደበቀችውን እሱ አንድ ጊዜ አይቶ አውቆታል። ያንን ምድጃ አይሰካም ብሎ ስፒናውን የቆረጠው እሱ ነው፤ ገመዱን ያውቀዋል። አውቆም ዝም አለ።

ከመጋዘኑ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል አገኘችው። መፈተሻውን በጨርቅ እየጠረገ ሳጥኑ ውስጥ ይከታል። ስትገባ ቀና ብሎ አያትና መልሶ ወደ ሥራው ዞረ። በዚያች አንዲት እይታ ውስጥ ቁጣ ብታገኝ ይሻላት ነበር፤ ያገኘችው ድካም ብቻ ነው።

«ምድጃው የት ነው?» አላት።

«አባቴ ጋ።»

እጁ ጨርቁን እንደያዘ ቆመ። የስንዴ ጭነት የሚያወርዱ ሰዎች ድምፅ ከውጭ ይሰማል።

«ይሞቃቸዋል?»

«ይሞቃቸዋል።»

«እንኳን» አለ ወዚር።

ያቺ አንዲት ቃል ናት የሰበረቻት። ግድግዳውን ይዛ አለቀሰች። ለምን አልተናገርክም፣ ለምን እሷ ናት አላልክም እያለች ወቀሰችው። እሱ ረጋ ብሎ መለሰላት። ስሟን ቢጠራ የሱ ፊርማ በእጇ ምን ይሠራ ነበር ተብሎ እንደሚጠየቅ፣ ወሬውም ከሚኒባሱ ቀድሞ ጎባ እንደሚገባ አስቦ ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው። እሱ ሥራ ቢያጣ አባቱ እርሻ ላይ ይውላል፤ እሷ ግን የምታስተዳድራቸው አባት አሏት።

እኅተማርያም እንባዋን ጠርጋ አሁኑኑ ሄዳ እንደምትናገር ነገረችው። እንዳታደርጊው ብሎ ለመናት። ልመናውን ሰምታ ሳትጨርስ ልቧ ውስጥ አንዲት ትንሽ ተስፋ ነቃች፤ እንዲህ ብሎ የሚለምን ሰው ገና ይወደኛል አለች።

«ወዚር» አለችው፤ «እኛስ?»

ሳጥኑን ዘጋ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ፊት ለፊት አየ።

«አዴ ሶረቲ ማንበብ አይችሉም» አላት። «አረንጓዴ ካዩ ይንኩ፣ ቀይ ካዩ አይንኩ ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ቀለሙን አምነው ነው እጃቸውን የዘረጉት። እኅተ፣ ያባትሽን ቁጣ እችለው ነበር። የእናቴንም ለቅሶ እችለው ነበር። ይሄን ግን አልቻልኩትም። ሁለት ሌሊት ታገልኩት። ፊትሽን ሳስብ የሚታየኝ የሳቸው እጅ ነው።»

«ተቀየመኝ» አለች። «ተቀየመኝ፤ ብቻ...»

የቀረውን መጨረስ አልቻለችም። ያቺ ዓረፍተ ነገር የሱ ነበረች፤ አፏ ውስጥ ቦታ አላገኘችም።

«አልተቀየምኩሽም» አለ ወዚር። «ብቀየምሽ ይሻለኝ ነበር።»

አቶ ጌታነህ ቢሮ ውስጥ የአስተዳደር ኃላፊውና ሁለት ሰዎች የስንብቱን ነገር ይዘው ተቀምጠው ነበር። እኅተማርያም ሳታንኳኳ ገባች። በሩን ከኋላዋ አልዘጋችውም፤ እውነትም ልትዘጋው አላሰበችም። የሒሳብ ክፍል ሰዎች ኮሪደሩ ላይ ተሰብስበው እየሰሙ፣ የአባቷን ጉልበት፣ ምድጃውን፣ ጠጋኙን፣ ወረቀቷን እንዴት እንደላጠች ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረች። ድምጿ አንዴም አልተሰበረም። ወዚር ያንን ምድጃ ፈትሾ የጣለው መሆኑን፣ ስፒናውንም የቆረጠው እሱ መሆኑን የቢሮው ሰው ሁሉ አይቷል፤ ይመስክር አለች።

አቶ ጌታነህ መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግራ ገብቷቸው ነበር።

«ታዲያ እሱ ለምን ዝም አለ?» አሏት።

«ስለሚወደኝ ነው።»

ይህን ያህል ጊዜ በመናኸሪያ በር፣ በሻይ ሰዓት፣ በኮሪደር መተላለፍ ውስጥ ሲሸሸግ የኖረ ነገር፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት በግልጽ ተባለ። እኅተማርያም ከንግግሯ በኋላ ነው የገባት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ የተናገረችው እሱ መውደዱን ያቆመ ዕለት ነው። ምናልባትም አላቆመም። ይህ ደግሞ የባሰ ነው።

ወዚር በሥራው ይቆያል ተባለ። እሷ ቁልፏን አስረክባ እንድትወጣ፣ የቀረውንም ሕግ እንደሚያየው ነገሯት። ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

በሩ ጋ ስትደርስ ወዚር የመፈተሻ ሳጥኑን እንደያዘ ቆሟል። ሁሉን ሰምቷል። ዓይኑ ቀልቷል። የምታልፍበትን መንገድ ለቀቀላትና «ነጋቲ» አላት፤ እንደ ወትሮው፣ በዚያው ድምፅ። እሷ ግን እንደ ወትሮው ሳትመልስ አለፈች። በሚኒባሱ ውስጥ ያቺን ቃል ይዛ ተቀመጠች። እስከ ጎባ ድረስ አንድም ጊዜ ፈገግ አላለችም።

ሆስፒታሉ በር ላይ ወረደች። አዴ ሶረቲ ክንዳቸው በጀሶ፣ መዳፋቸው በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ተኝተዋል። ሲያዩዋት ደስ አላቸው፤ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ወዚር ነው።

«ልጁን አባረሩት እንዴ?» አሉ። «አረንጓዴ ነበር እኮ። አይቼ ነው የነካሁት።»

እኅተማርያም አልጋው አጠገብ ተንበርክካ ለሳቸውም ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ጣራውን እያዩ አዳመጡ። ስድብ ጠበቀች፤ እርግማንም ጠበቀች። አዴ ሶረቲ ግን ዘንበል ብለው አዩዋት።

«አባትሽን በርዷቸው ነው» አሉ። «እኔም በርዶኝ ነው። ብርድ ነው ያጠፋን ልጄ።»

ያልታመመውን እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ። ያ እጅ ከእርግማን ይልቅ ከበዳት፤ እስከ ቤቷ ድረስም ራሷ ላይ እንዳለ ሆኖ ተሰማት።

ወሬው እስከ ማታ ጎባ እንደሚደርስ ታውቃለች። አባቷ ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት ፈራች፤ ደግሞም ከእንግዲህ የምትደብቀው ነገር አልቀራትም። አቶ ገብረ ሥላሴ ጋቢያቸውን ተከናንበው እግራቸውን ወደ ምድጃው ዘርግተዋል። ቶሎ በመምጣቷ ተገረሙ። ጉልበታቸው እንደቀለላቸው ነገሯትና እንደ ልማዳቸው መረቁ። «መሥሪያ ቤትሽን እግዜር ያቁምልሽ።»

«መሥሪያ ቤቱ አይደለም አባዬ» አለች፤ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ። «ሰው ነው የሰጠኝ።»

«ማን?»

«ወዚር ይባላል።»

አባቷ አዩዋት። ፊቷን አነበቡ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲከስና ሲካሰስ ሲጽፉ የኖሩ ናቸውና ለማንበብ ጊዜ አልወሰደባቸውም። እግራቸውን ቀስ ብለው ከምድጃው ሰበሰቡ፤ ጋቢያቸውንም እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ሳቡት።

እኅተማርያም ቁጣውን ቆማ ጠበቀችው። ይምጣ ብላ ተመኘችው፤ ቢጮሁባት እሷም ጮኻ የምታለቅስ መሰላት። ግን አልጮኹም። በበሩ ስንጥቅ የጎባ ብርድ ይገባል። ምድጃው ማንንም ሳያሞቅ ብቻውን ቀልቶ ይነዳል።

ከዚያ አቶ ገብረ ሥላሴ በመጀመሪያ አንዱን፣ ቆይተው ሌላውን እግራቸውን ወደ ሙቀቱ መልሰው ዘረጉ።

«ልጁ አሁን የት ነው?» አሉ፤ ቁጣ የሌለበት ድምፅ ነበር። «ቤት መጥቶ አያውቅም።»

መልሱን ታውቀዋለች። ሮቤ ነው፤ አንዱ ቢሮ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሆነ ሰው ዕቃ ገመድ በጣቱ እየዳበሰ ነው። መናኸሪያው በር ላይ ግን ዛሬ ማታ አይቆምም፤ ነገም አይቆምም። ይህን ሁሉ መናገር ትችል ነበር። ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ስትል ግን ጎኑ ላይ ወረቀቷ የነበረችበት ቦታ ታያት፤ የላጠችው በጥፍሯ ነው፤ የቀረው የሙጫው ምልክት ብቻ ነው። ጣቷን እዚያ ላይ አሳርፋ፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ አልቅሳው የማታውቀውን ለቅሶ በአባቷ እግር ሥር አለቀሰች።